በዳዊቱ ላይ የተፋቀው ስም

ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ቶሎ አልመልስም። መጀመሪያ ዓይኑን አያለሁ፣ ቀጥሎ እጁን፣ ከዚያ "ለምን ፈለጉት?" እላለሁ። ባንክ ቤት ያሉት ልጆች ለምደውኛል። ልጄ በዚህ ጠባዬ ይስቅብኛል፤ ግን እሱው ራሱ በየሳምንቱ እየደወለ "እማዬ፣ ኮድ ንገሪን የሚሉሽን ሰዎች እንዳታምኚ" ይለኛል። እሱም ቢሆን እሱ መሆኑን በድምፁ ካላረጋገጥኩ ምክሩን አልሰማም። አያቴ መሪጌታ ተገኘ ይህን ትምህርት ስልክ የሚባል ነገር ደጃቸው ሳይደርስ ጨርሰውት ነበር። የክርስትና ስም ለሰው አይነገርም፤ ስምን ይዞ መተት የሚያስደርግ አይጠፋምና። የሚሄዱበት አገር አይነገርም። ከውጭ የተጣራ ሰው ሦስተኛ ሳይጣራ "አቤት" አይባልም። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ አዘዞ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ብሎኬት ቤት ሠርቼ እኖራለሁ፤ ዛሬም በር ሲንኳኳ ሦስት እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ለአያቴ ሙት ዓመት የሚገዛውን ነገር ጉልበቴ ላይ በወረቀት እጽፍ ነበር። ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ ጧፍ። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ አሉ፤ ጥምጣማቸው ንጹሕ፣ ጋቢያቸው የገጠር፣ ጫማቸው ግን የልጅ ልጅ የገዛላቸው የሚመስል አዲስ ስኒከር። ወደ ወረቀቴ ሲያዩ አየሁና በግራ መዳፌ ጋረድኩት። አሁንም ማየታቸውን አልተዉም።

"ምነው ልጄ፣ ሽንኩርትም ምሥጢር ሆነ?" አሉኝ።

ወረቀቱን አጠፍኩት።

"የየኔታ ተገኘ ዘር ነሽ?"

ቦርሳዬን ወደ ጭኔ ሳብኩ። በዚያ መኪና ውስጥ ስሜን የነገርኩት ሰው የለም። "ማን ነገረዎት?" አልኳቸው።

"እጅሽ ነዋ። እንዲህ እጁን ጋርዶ የሚጽፍ የእርሳቸው ልጅ ወይ የእርሳቸው ተማሪ ብቻ ነው።"

እውነታቸውን ነው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው አባባ የምንላቸው አያቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ዳዊትና ድርሳን የሚጽፉ። ቤታችን ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ የደብሩ ግቢ ግንብ ሥር ነበር። አጥሩን አልፎ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የፍየል ቆዳ ሽታ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ በየገንቦው ወር ሙሉ የሚብላላው የጥላሸት ቀለም። ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ እኔ ዛሬም ያ ሽታ ከየትም ቢመጣ ቤቴ የደረስኩ ይመስለኛል። የፍየል ሌጦ በሁለት ብር በሚገዛበት ዘመን አባባ ቅዳሜ ገበያ ወርደው አሥሩን ሌጦ ወደ ፀሐይ አንሥተው አይተው፣ ሻጩን ቀና ብለው አይተው፣ አንዱን ብቻ ይዘው ይመለሳሉ። ሲጽፉ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ መስመሩ ላይ ነው። ያላለቀ ጽሑፍ የሰው ዓይን ካገኘው ይበላሻል ይሉ ነበር። ተማሪዎቻቸውንም "ግራ እጅህ የት ሄደ?" እያሉ ያስተምሯቸዋል። ያን ጊዜ ፒያሳ በረንዳው ሥር ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ፔዳል ይረግጣሉ፤ ከማዶው ሻይ ቤት ራዲዮ የማሲንቆ ዘፈን ይወጣል፤ ለዓመት በዓል አዲስ ቀሚስ ሊያሰፉልኝ አባባ እዚያ ይወስዱኝ ነበር። ሰፊው ልኬን ከወሰደ በኋላ "ለማን ልበል መሪጌታ?" ሲላቸው "ለረጅሙ ሽማግሌ በል" ብለውት ጥለውት ይሄዳሉ። ሰፊው እኮ የዘወትር ጎረቤታችን ነው።

ዳባት ሲሄዱ "ደንቢያ ልወርድ ነው" ይላሉ። "ልጆችዎ ስንት ደረሱ?" ለሚላቸው "መሶቡን የሚሞሉ" ይላሉ። የጥምቀት ዕለት ቀሐ ከመጠመቂያው ገንዳ ዳር ትከሻቸው ላይ አድርገውኝ፣ ቁርጭምጭሚቴን ጨብጠው ይዘውኝ ይቆማሉ፤ ሌላ ሰው በእጁ ዘግኖ የረጨኝን ውሃ በነጠላቸው ጠርገው ያነሡልኛል። "ከገንዳው የመጣው የእግዜር ነው፣ ከሰው እጅ የመጣውን አላውቀውም" ይሉኛል። እንዲህ ሲባል ክፉ ሰው የነበሩ እንዳይመስል። እንደ እርሳቸው ቤተሰቡን የሚወድ ሰው አላየሁም። ከጣሊያን ዘመን የቀረች ማዕዘኗ የተላጠ የቆዳ ቦርሳ ነበረቻቸው፤ ከየትም ሲመለሱ ከውስጧ የሱፍ ቆሎ ወይ አገዳ ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ እኩል ተቆርጦ። እናቴ እኔን ስታምጥ ሙሉ ቀን ደጅ ቆመው ዳዊት ደግመዋል አሉ፣ እግራቸው አብጦ። ማታ ማዕድ ሲቀርብ ደግሞ በአገሩ ሁሉ ከትልቁ የሚጀመረው ጉርሻ በእኛ ቤት ከትንሹ ይጀመር ነበር። አያቴ እማማ ማንጠግቦሽ "ምነው እርስዎ፣ ሥርዓት ይገለበጣል?" ስትላቸው "ታናሽ ይቅደም፣ ታናሽ ተረስቶ ያውቃል" ይሏት ነበር። ያን ጊዜ ንግግሩ ልዩ ነገር አልመሰለኝም።

ሴት ልጅ ዳዊት መማሯ ባልተለመደበት ዘመን እኔን አስተማሩኝ፣ በራሳቸው እጅ በጻፉት ዳዊት። ያ ዳዊት ሁለት ነገር ነበረበት። አንደኛው፣ ከመዝሙሮቹ መካከል ለባለቤቱ የሚጸለይባቸው መስመሮች አሉ፤ "ዕቀቦ ለገብርከ"፣ ባሪያህን ጠብቀው፣ ይልና የባለቤቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። በአባባ ዳዊት ላይ ግን በስሙ ቦታ ብራናው ተፍቋል፤ ጣቴ ሲነካው ይሻክረኛል። "እዚህ ምን ነበር?" አልኳቸው። "ዝለዪው፣ ከዚያ ቀጥዪ" አሉኝ። ሌላው ደግሞ የገብስ ገለባ ነው። ከጥራዙ ስፌት መሃል አንዳንዴ ብቅ ይላል። ላራግፈው ስል እጄን ያዙኝ። "ተዪው፣ ቦታው ነው።" የብራና መጽሐፍና ገብስ ምን አገናኛቸው ብዬ ለዓመታት ጠረጠርኩ፤ ጥርጣሬዬን ግን ከእርሳቸው በተማርኩት መሠረት ለማንም አልነገርኩም።

አባባ የሞቱት እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ከተራ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ መንደሩ ነጠላ ያጥባል፣ እኛ ቤት ግን ከእርሳቸው አልጋ የተነሣ የለም። የንስሐ አባታቸው ወገራ የነበሩ ናቸው፣ እርሳቸውም ቀድመው ሞተዋል። እማማ ማንጠግቦሽ አርባ ዓመት አብራቸው ስትኖር የክርስትና ስማቸውን አታውቅም።

"እንግዲህ ይንገሩኝ እንጂ" አለቻቸው እጃቸውን ይዛ። "ቄሶቹ ምን ብለው ይፍቱዎ?"

ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ "ገብረ ኪዳን በሉ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ጠርጣራ ልጅ ነኝና አንድ ነገር ጎረበጠኝ፤ የራሱን ስም የሚናገር ሰው ፊቱን እንዲህ አያዞርም። ቢሆንም በዚያ ስም ተፈቱ፣ በዚያ ስም አርባቸው ወጣ፣ ተዝካራቸው ተበላ። ሌላው ሰው ሰባት ዓመት አውጥቶ ያርፋል። እማማ ግን ስትሞት "ይህን ስም እንዳታቋርጪ" ብላ አደራ ስላለችኝ በየዓመቱ አወጣለሁ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው የአባባን ዝክር አላለችኝም፤ ይህን ስም ነው ያለችኝ።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። መምሬ ፈንታ ይባላሉ፣ የወገራ ሰው ናቸው፤ ማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር የልጅ ልጃቸው ጋ መጥተው ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ስለሆነ ይበልጥ ጠረጠርኳቸው።

"የየኔታን ሙት ዓመት ታወጫለሽ?" አሉኝ።

"አወጣለሁ።"

"በማን ስም?"

"በስማቸው ነዋ።"

"እሱማ ሸጋ። ገብረ ኪዳን ብለሽ ግን እንዳይሆን።"

ጆሮዬ ጋለ። ይህን ስም ከእኔና ከደብሩ ቄሶች ሌላ የሚያውቀው የለም። ቀጠሉና "ዳዊታቸውስ አለ?" አሉኝ። አሁን ገባኝ አልኩ በሆዴ። ጎንደር ውስጥ የብራና ሽታ ተከትሎ ቤት ለቤት የሚዞር ሞልቷል፤ ዛሬ ዘመድ ሆኖ መጥቶ ነገ መጽሐፉን ለፈረንጅ የሚሸጥ።

"ተሰርቋል" ብዬ ዋሸሁ፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

ሽማግሌው ክው አሉ። "ዳግመኛ?"

"እንዴት ዳግመኛ? መጀመሪያ ማን ሰረቀው?"

"ማንም አልሰረቀው" አሉ። "ነገሩ እሱ ላይ ነው።"

ፒያሳ ወርደን፣ ልብስ ሰፊዎቹ በነበሩበት በረንዳ ሥር ተቀመጥን። ዛሬ እዚያ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሻይ ይጠጡ ብላቸው "አንቺ ቅመሽ" አሉኝ፤ መቼስ እርሳቸውም የአባባ ተማሪ ናቸው። ቀመስኩላቸው። ከዚያ ነገሩኝ።

አባባ ልጃለም የሚባል ታናሽ ወንድም እንደነበራቸውና ቆላ ወርዶ በወባ እንደሞተ እናውቃለን። ስሙ ሲነሣ ቤቱ ዝም ይል ስለነበር ሌላ ነገር ጠይቆ የሚያውቅ የለም። መምሬ እንዳሉኝ፣ ከተማው በታመሰበት በአንዱ ጊዜ አባባ ለዳዊታቸው ፈርተው ወገራ እናታቸው ቤት ወሰዱት፣ በጣራው ክዳን ውስጥ ሸጎጡት። ነገሩ ሲበርድ ሊያመጡ ቢሄዱ ዳዊቱ የለም። ያን ቦታ ከእርሳቸው ሌላ የሚያውቀው ልጃለም ብቻ ይመስላቸዋል። እናታቸው በዚያ ሰሞን እህታቸው ሞታባቸው ሌላ አገር ለቅሶ ሄደዋል። አባባ ወንድማቸውን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሕዝብ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ "ሌባ" አሉት።

"እኔ ያን ጊዜ ዲቁና ተቀብዬ ነበር፣ ቆሜ ሰምቻለሁ" አሉ መምሬ። "ልጃለም አልተከራከረም። ጋቢውን አጣፋና 'አያ፣ አንተ ካልክ' አላቸው። በማግሥቱ አርማጭሆ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። አልተመለሰም።"

"ዳዊቱስ?"

"እናትየው ጣራው ሲያፈስ እንዳይረጥብ ብለው አውጥተው ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀብረውት ኖሯል። ከለቅሶ ሲመለሱ ተናገሩ። እኔው ራሴ ነኝ ጎተራው ውስጥ ገብቼ ያወጣሁት። የኔታ በእግራቸው አርማጭሆ ወረዱ። የደረሱት ከተቀበረ በኋላ ነው፤ መቃብሩን እንኳ የሚያሳይ ሰው አጡ። ካህን የለ፣ ፍታት የለ።"

የገብሱን ገለባ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ባሌም አያውቅም፣ ልጄም አያውቅም። ሻዬ ቀዘቀዘ። ግን እኔ እኔ ነኝና አንድ ነገር አሁንም አልዋጥ አለኝ።

"ታዲያ ምነው በግልጽ የወንድማቸውን ተዝካር አላወጡም?"

"አንድ ጊዜ አወጡ። በኋላ ግን፣ እኔ የጽሕፈት ተማሪያቸው በነበርኩ ጊዜ፣ እንዲህ አሉኝ፤ 'ፈንታ፣ ከተረፈኝ ብሰጠው ምን ዋጋ አለው? በሰው ፊት ስሙን ሌባ አድርጌ አጥፍቻለሁ፤ የእኔን ፍታት እሱ ይውሰድ።' ያን ቀን በዳዊቱ ላይ የነበረውን የራሳቸውን ስም በካራ ፋቁት። ገብረ ኪዳን ልጃለም ነው። እናታቸው በየሰንበቱ የሁለቱንም ስም ለጸሎት ይሰጡን ስለነበር ሁለቱንም አውቃለሁ።"

"እንግዲያ የአባባን ስም ይንገሩኝ።"

ወዲያው ግን "ቆይ፣ አይንገሩኝ" አልኳቸው። ሁለት ሰው የተናገረው አንድ ሆኖ ካልተገኘ አላምንም። ከዝርዝሬ ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀድጄ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። "ይጻፉልኝና አጥፈው ይስጡኝ። እቤቴ ሄጄ አስተያያለሁ።" ሽማግሌው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉ። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ግራ መዳፋቸውን በመስመሩ ላይ ጋርደው ጻፉ። ያን እጅ ሳይ እንባዬ መጣ። አባባን ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ አላየኋቸውም፣ በሕልሜም።

"መምሬ፣ ዳዊቱ አልተሰረቀም። ዋሽቼዎት ነው።"

"ቦርሳሽን ስትስቢ አውቄያለሁ" አሉ። "አደራሽን፣ ለማንም አለ አትበዪ። በምስኮቱ ብርሃን እዪው፤ ካራ ቀለሙን ያነሣል እንጂ ጠባሳውን አያነሣም።"

አዘዞ እንደደረስኩ በሩን ቆልፌ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ብርሃን የሚገባበትን አንድ ስንዝር ብቻ ገለጥ አደረግሁ። ዳዊቱን ከማኅደሩ አወጣሁት። ገለባው አሁንም ስፌቱ ውስጥ አለ። የተፋቀውን ቦታ ወደ ፀሐይ አነሣሁት፤ ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። በአንዱ ገጽ "ወ" ብቻ ታየኝ፣ በሌላው "ሰን"፣ በሦስተኛው የመጨረሻዋ "ት" ደብዝዞ በቀረ ቀይ። ከስድስት ቦታ ለቃቅሜ አንድ ስም ወጣኝ። ከዚያ የመምሬን ወረቀት ፈታሁ። ወልደ ሰንበት። አንድ ነው።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ተናደድኩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ጋግሬ፣ "ነፍስ ይማር" ሲባል "አሜን" ብዬ፣ የእኔ አባባ አንዴም ስማቸው ሳይጠራ ቀርቷል። እኔን ጥርጣሬ አስተምረው እኔኑ አታለሉኝ። እማማም ታውቅ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ቀዩ ቀለም የተፋቀበትን ገጽ ስታይ "አባባሽ ሲጽፉ ያላለቀሱትን ሲፍቁ አለቀሱ" ያለችኝ ቀን ነበር፣ ዕድሜ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ፈራሁ። ስሙን ካስተካከልኩ የአባባን ስጦታ ከወንድማቸው እጅ ልነጥቅ ነው። ካላስተካከልኩ እርሳቸው እንደተፋቁ ሊቀሩ ነው። ሦስት ቀን በዚህ ስንገላታ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ታሰበኝ፤ አባባ ከማዕድ ታናሽን አስቀደሙ እንጂ ራሳቸውን ከማዕዱ አስነሥተው አያውቁም። ሁሉም ከጎረሰ በኋላ እማማ እርሳቸውን ታጎርሳቸው ነበር፣ እርሳቸውም አፋቸውን ይከፍቱ ነበር።

ሙት ዓመቱ ትናንት ነበር። ማለዳ ደብሩ ሄድኩ፤ የቀሐ ሜዳ ለጥምቀት እየተጠረገ ነው። ተረኛው ቄስ ወጣት ናቸው፣ ለልጄ እኩያ የሚሆኑ። "የተለመደው ስም ነው አይደል እማማ፣ ገብረ ኪዳን?" አሉኝ።

"ሁለት ነው" አልኩ። "ወረቀት ይስጡኝ።"

ግንቡ ላይ ተደግፌ መጻፍ ጀመርኩ። ቄሱ ትንሽ ታገሡና "እማማ" አሉኝ ለስለስ አድርገው፣ "የማነበው እኮ እኔ ነኝ።"

ግራ እጄ ወረቀቱን ሸፍኖታል። አነሣሁት። ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሆነው ፀሐይ አገኛቸው።

"የትኛው ይቅደም?" አሉኝ።

"ታናሹ" አልኳቸው።